ማጅራት ላይ ያረፈች እጅ

ባለፈው ወር ለአንድ የውክልና ጉዳይ ልደታ ሄጄ ነበር። ጉዳዬን ጨርሼ ወደ ታክሲው ስመለስ፣ በኮንዶሚኒየሞቹ መካከል በሚያልፈው አስፋልት ላይ ሁለት ጎረምሶች በባልዲ የበጠበጡትን ኖራ በአሮጌ መጥረጊያ እየነከሩ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ነጭ መስመር ሲያሰምሩ ደረስኩ። እሑድ የብሎኩ ልጆች ይሮጣሉ አሉኝ። ሥራዬ መድኃኒት መመርመር ነው። በቤተ ሙከራ በቆየሁባቸው ዓመታት ሁሉ ለአፍንጫዬ እምነት እንዳልሰጥ፣ ሽታ ፍንጭ እንጂ ማስረጃ እንደማይሆን ተምሬያለሁ፤ በእጄ ያለፉትን ጀማሪዎችም ይህንኑ አስተምሬያለሁ። እርጥብ ኖራ ግን ጉሮሮ ያዝ የሚያደርግ፣ ቀዝቃዛ፣ ገና የታጠበ ድንጋይ የሚመስል ሽታ አለው። እግሬ ቆመ። ቀኝ እጄ ሳላዘው ተነስቶ ማጅራቴ ላይ ሲያርፍ ታወቀኝና ማንም ሳያየኝ ብዬ ቶሎ አወረድኩት። ያየኝ ሰው መኖሩን ያወቅሁት ጥቂት ቆይቼ ነው።

ኮንዶሚኒየሞቹ ዛሬ የቆሙበት ስፍራ ያን ጊዜ ክዳናቸው እርስ በርስ የተደጋገፈ የጭቃ ቤቶች ሰፈር ነበር። ከእኛ ግቢ ወደ ዋናው መንገድ የሚያወጣው ቅያስ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ድንጋይ እየረገጡ የሚሻገሩት ወንዝ ይሆናል። ዳቦ አሥር ሳንቲም ነበር፤ ቀይና ቢጫው አውቶቡስ አሥራ አምስት። ስኳርና ሳሙና ከቀበሌው ሱቅ በካርድ ይታደላሉ፤ የደረሰው ይዞ ይመለሳል፣ ያልደረሰው የሚቀጥለውን ወር ይጠብቃል። ወንዶቹ ከመርካቶ ሰልባጅ የገዙትን ሰፊ ሱሪ ለእናቶቻቸው እየሰጡ ያስጠብቡ ነበር፤ ጎፈሬ የሚያሳድግም እየቀነሰ ሄዶ ነበር፤ ጎላ ብሎ መታየት ማንም የማይመኘው ነገር ሆኖ ነበርና። አብነት ማዕዘኑ ላይ አንዲት ካሴት ቤት ነበረች። ከሰዓት በኋላ የፍቅር ዘፈን ትለቃለች፤ የቀበሌው ድምፅ ማጉያ መጮህ ሲጀምር ግን ባለቤቱ ሳይታዘዝ ራሱ ዝቅ ያደርገዋል። እኛም ካሴቱ ዝቅ ሲል ሰምተን ነበር ማስታወቂያ ሊነገር መሆኑን የምናውቀው። ዛሬም ሙዚቃ በድንገት ዝቅ ሲል ማስታወቂያ እጠብቃለሁ።

ሩጫ ያስጀመረኝ ወንድሜ ግርማ ነው። በሁለት ዓመት ይበልጠኛል፤ ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ያላገኘበት ጊዜ ነበር፣ እኔ ደግሞ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ሰዓት እላፊው እንዳበቃ፣ ገና ፀሐይ ሳትወጣ፣ ሁለታችን ከቤት ወጥተን እስከ አሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ ሮጠን እንመለስ ነበር። እሱ ከአባቴ የካኪ ሱሪ የተቆረጠ ቁምጣ ያደርጋል፤ እኔ በሱሪዬ ላይ የትምህርት ቤት ጉርድ እደርባለሁ። ወተት የሚያዞሩት ሴቶች ሲያዩን ይስቁ ነበር። «እናንተ ልጆች፣ ሌባው በየት በኩል አለፈ?» ይሉናል። አንዷማ እኔን ለይታ፣ «አንቺስ እሺ፣ የሚያባርርሽን አንድ ቀን እንኳ ዞር ብለሽ እዪው፤ ቆንጆ ሊሆን ይችላል!» ብላኛለች። ዝምተኛ ልጅ ነበርኩ፤ መልስ አልሰጥም። ሩጫን የወደድኩትም ማንም መልስ የማይጠይቀኝ ሰዓት ስለነበረ ይመስለኛል።

በዚያ ሰዓት መንገዱ የውሾች ነበር። ግርማ፣ «ውሻ የሚነሣው ለሚጮህና ለሚሮጥ ነው» ይል ነበር። ስለዚህ ሕግ አወጣን። ፊት የሚሮጠው የውሻ መንጋ ካየ አይጮህም፣ አይዞርምም፤ ቀኝ እጁን አንስቶ ማጅራቱ ላይ ያሳርፋል። ከኋላ ያለው ይህን ሲያይ ምንም ሳይናገር በሚቀጥለው ቅያስ ይታጠፋል፤ ፊተኛውም ቀስ ብሎ በሌላ መንገድ ይመጣል። ይህ ምልክት የሁለታችን ብቻ ነበር። አንድም ቀን ተነክሰን አናውቅም።

ሦስተኛ ሊኖረን ይገባ ነበር። ሸምሱ ከእኛ በላይ ሦስተኛው ግቢ የሚኖሩት የእማማ ዘይነባ አንድያ ልጅ ነው። እማማ ዘይነባ ባላቸው ቀደም ብለው የሞቱባቸው፣ በደጃፋቸው በእግር በምትረገጥ መኪና ልብስ እየሰፉ ልጃቸውን ያሳደጉ ሴት ነበሩ። ሸምሱ የተሰፋውን ወደ መርካቶ ያደርሳል፤ ሲሸከምም ይሮጣል። አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል አድርጎ፣ የሆነ ነገር የሚያዳምጥ እየመሰለ ይሮጥ ነበር። በቀበሌዎች ውድድር ግርማ ሲያሸንፍ ሁልጊዜ ሁለተኛ የሚወጣው እሱ ነው።

«ሸምሱ» ይለዋል ግርማ፣ «ጀርባዬ ላይ ምን ተጽፎ ነው እንዲህ ዓመት ሙሉ የምታነበው?»

«‹ደክሞኛል፣ እባክህ እለፈኝ› ይላል። ግን የእጅ ጽሑፍህ አይነበብም።»

አንድ ቀን ቧንቧ ውሃ ወረፋ ላይ አገኘኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሮሚ፣ ጠዋት ስትወጡ የእኛን የቆርቆሮ በር ሁለት ጊዜ ኳ ኳ አድርጊልኝ። እንቅልፌ ከባድ ነው እንጂ ከነቃሁስ አልቀርም» አለኝ።

«ግርማ ያንኳኳልህ።»

«ግርማማ እንዳልነቃ ነው የሚጸልየው!»

እሺ አልኩት። በማግስቱ ግርማ ጫማውን እስኪያስር ቀድሜ ወጣሁና የእማማ ዘይነባ በር ላይ ቆምኩ። እጄን አነሣሁ። ሴት ልጅ ገና ሳይነጋ የወንድ ልጅ ቤት ስታንኳኳ ጎረቤት ቢሰማ ምን ይላል? ቀኑን ሙሉ መኪና ስትረግጥ የዋለች እናትስ በእኔ ምክንያት ከእንቅልፏ ትነሣ? እጄን መለስኩት። በሦስተኛውም በአራተኛውም ቀን እንዲሁ ቆሜ አለፍኩ። ነገ አልኩ። ሸምሱም ጨዋ ልጅ ነበርና ለምን አላንኳኳሽም ብሎ አልጠየቀኝም።

ያ ዘመን ወንድ ልጅ ያለው ቤት ሁሉ በር የሚያዳምጥበት ዘመን ነበር። አፈሳ የሚለው ቃል ጮክ ተብሎ አይነገርም። ከሲኒማ በር የቀረ፣ ከአውቶቡስ ፌርማታ ያልተመለሰ ልጅ ስም በሹክሹክታ ይሰማል፤ ከሁለት ወር በኋላ ከሩቅ ማሠልጠኛ ወረቀት ይመጣል፣ ወይም አይመጣም። አንድ ወሬ ግን ሁሉንም አጽናንቶ ነበር፤ ለቀበሌው ቡድን የሚሮጥ የስፖርተኛ መታወቂያ ይሰጠዋል፣ የስፖርተኛ መታወቂያ የያዘ ደግሞ አይነካም ይባላል። ወሬው ከየት እንደመጣ ማንም አያውቅም፤ ሁሉም ግን አምኖታል። ስለዚህ ካሴት ቤቱ ዘፈኑን ዝቅ አድርጎ ድምፅ ማጉያው የእሑድ ሩጫ መኖሩን ሲለፍፍ፣ ከየጓዳው ተደብቀው የነበሩ ልጆች ሊመዘገቡ ወጡ። ሴቶች መንገዱን አንድ ዙር፣ ወንዶች ሁለት ዙር ይሮጣሉ፤ ለጨረሰ ሁሉ አንድ ኪሎ ስኳርና የሸራ ጫማ ይሰጣል ተባለ።

«ሳይጠየቅ የሚሰጥ ስኳር ምን ዓይነት ስኳር ነው?» አለች እናቴ።

«እማዬ፣ ቤት ብቀመጥ ከቤት ይወስዱኛል» አለ ግርማ። «ብሮጥ መታወቂያ አለኝ።»

የሩጫውን ቁጥሮች እንዲሰፉ የታዘዙት እማማ ዘይነባ ነበሩ። ጨርቁ የዱቄት ከረጢት ነው፤ ከጥቁሩ ቁጥር ሥር የፈረንጅ ፊደል ደብዝዞ ይታያል። የግርማ ቁጥር አራት፣ የሸምሱ አሥራ አንድ ነበር። የሌሎቻችንን በመርፌ ቁልፍ የሚያያዝ አድርገው ሲሰጡን፣ የልጃቸውን ግን በከነቴራው ላይ አራቱንም ጠርዝ በመኪና ሰፉት። «እየሮጠ እንዳይወድቅበት» አሉኝ።

የዚያን እሑድ ጠዋት በቀበሌው አዳራሽ በር ላይ አስፋልቱ በኖራ ተሰምሮ ነበር፤ ኖራው ገና አልደረቀም። የቀበሌው ጥበቃዎች ከሌላው ጊዜ ይበዙ ነበር፤ በየማጠፊያው ሁለት ሁለት ሆነው ቆመዋል። በሌሎች ውድድሮች ፊታቸውን ወደ ተመልካቹ አዙረው ሕዝቡን ከመንገድ ይከለክሉ ነበር። በዚያን ቀን ጀርባቸውን ለሕዝቡ ሰጥተው እኛን ይመለከታሉ። ይህን አይቻለሁ፤ ማየት ግን መረዳት አይደለም። ወዲያውም ፊሽካ ተነፋ።

ሴቶች ቀድመን ተለቀቅን፤ ወንዶቹ አሥር ደቂቃ ያህል ቆይተው ይከተላሉ። ቁልቁል ወደ ተክለ ሃይማኖት ስንወርድ ሁላችንም ቸኮልን፤ ጀማሪ ሁሉ ቁልቁለት ላይ ይቸኩላል። አብነት ስንደርስ ከእንጨት ሥራ ቤቶቹ የፍቅፋቂ ሽታ ተቀበለን፤ አንድ አናጢ መዶሻውን ይዞ ወጥቶ፣ «በርቱ እህቶቼ! ባል እንደሆነ አያመልጥም!» አለ። ሰዉ ሳቀ። ከዚያ ወደ ልደታ የሚመልሰው ዳገት መጣ። ከዚያ ቀን በፊት ከሦስተኛነት አልፌ አላውቅም ነበር። ዳገቱ መካከል ላይ ግን እግሬ እንዳልከበደኝ፣ ትንፋሼም ተስተካክሎ እንዳለ አወቅሁ፤ ፊት የነበሩትን ሁለቱን አንድ በአንድ አልፌ ብቻዬን ሆንኩ። ሰው ሁሉ ከኋላዬ ቀርቶ መንገዱ ከፊቴ ባዶውን ሲዘረጋ ያየሁት በሕይወቴ ያን ጊዜ ብቻ ነው። ግርማ ይህን ሲሰማ የሚለውን እያሰብኩ ፈገግ ብዬ ገባሁ።

መጨረሻው አዳራሹ ግቢ ውስጥ ነበር። ቀድሜ ስለገባሁ ቀድሜ አየሁ። ከአዳራሹ ጀርባ ሸራ የለበሱ ሁለት የጭነት መኪናዎች አፍንጫቸውን ወደ በሩ አዙረው ቆመዋል። አጥሩን ተደግፈው የማላውቃቸው ወታደሮች ሻይ ይጠጣሉ። የቀበሌው ሊቀመንበር ጨብጦኝ፣ «ጎበዝ እህታችን! አንቺማ ጽሑፍሽም የታተመ ነው የሚመስለው፤ ነይ የወንዶቹን ትመዘግቢያለሽ» አለና ከአንድ ጠረጴዛ ፊት አስቀመጠኝ። ወረቀቱ አስቀድሞ ተሰምሯል፤ ተራ ቁጥር፣ ስም፣ ዕድሜ፣ ቁመት፣ የትምህርት ደረጃ። የገቡበት ደቂቃ የሚጻፍበት ቦታ የለውም። ከጠረጴዛው አጠገብ ግድግዳው ላይ በከሰል የቁመት መስፈሪያ ተሰምሯል። ከወታደሮቹ አንዱ፣ «ከዚህ ስንት ይሞላል?» ብሎ ጠየቀ። ሊቀመንበሩ በእጁ ዝም በል አለው።

የወንዶቹ መነሻ ፊሽካ ከተነፋ ቆይቷል። የመጀመሪያውን ዙር ጨርሰው በግቢው በር ፊት ለፊት የሚያልፉበት ጊዜ ተቃርቦ ነበር።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ውሃ ልጠጣ?» አልኩ።

«ቶሎ ተመለሺ።»

በሩ ላይ ቆምኩ። በግራና በቀኜ ጥበቃ አለ። ብጮህ ግርማን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም ላስጠነቅቅ እችል ነበር፤ ከዚያ በኋላ ስለሚሆነው ማንም ዋስ አይሆንም። ይህን ሂሳብ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ሠርቼዋለሁ፤ መልሱ እንደ ዕለቱ ይለያያል። የዚያን ቀን የሠራሁት የማውቀውን ብቻ ነው። ግርማ ቀድሞ ብቅ አለ፤ ጸጉሩ በላብ ተጣብቋል። አየኝ። እጄን አንስቼ ማጅራቴ ላይ አሳረፍኩ። ፊቱ ምንም አልተለወጠም፤ ዓይኑ ብቻ ከእኔ አልፎ ግቢውን አየና ተመለሰ፣ ሩጫውንም ቀጠለ። ከኋላው አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሸምሱ መጣ። እጄ አሁንም ማጅራቴ ላይ ነበር፤ አላወረድኩትም፤ ምናልባት ብዬ። ሸምሱ አየኝ። ሳቀ። የሆነ አዲስ ሰላምታ መስሎት እሱም እጁን አንስቶ ማጅራቱ ላይ አሳረፈና እያየኝ አለፈ።

በሁለተኛው ዙር በግቢው በር አንደኛ ሆኖ የገባው ሸምሱ ነው። ከበስተኋላው በሩን ገርበብ አደረጉት። ጠረጴዛዬ ፊት ቆሞ ትንፋሹን እየሰበሰበ፣ «አየሽ?» አለኝ።

«ስም?» አልኩት፤ ሊቀመንበሩ ከኋላዬ ቆሟል።

«አታውቂኝም እንዴ ዛሬ? አንደኛ ስለሆንኩ?» ብሎ ሳቀና ሙሉ ስሙን ነገረኝ።

«ዕድሜ?» ዓይን ዓይኑን አየሁት። «አሥራ ሰባት ነህ አይደል?»

ተቀየመኝ። «ምን ነካሽ ሮሚ? አሥራ ዘጠኝ ሊሞላኝ ነው!»

ሊቀመንበሩ ትከሻውን ቸብ አደረገው። «ጻፊ እህታችን። ጀግና ዕድሜውን አይደብቅም።»

አሥራ ስምንት ብዬ ጻፍኩ። ፊደሎቹ እንደ ሌላው ጊዜ የታተሙ ይመስሉ ነበር። ሸምሱ ወደ መስፈሪያው ግድግዳ ከመሄዱ በፊት ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ «ግርማ አብነት ጋ ጎኑን ይዞ ቅያስ ሲገባ አየሁት። ልጠብቀው አስቤ ነበር፤ ግን እኮ ሮሚ፣ አንድ ቀን እንኳ ፊቴ ባዶ መንገድ አይቼ አላውቅም» አለኝ።

ሴቶቹን በኋላ በር ስኳራችንን እያስያዙ አስወጡን። እናቴ ያን ስኳር አልነካችውም፤ ክረምት ሲመጣ ርጥበት ገብቶት ድንጋይ ሆነ። ግርማን ፍለጋ ከሰዓት በኋላ ቤታችን መጡ፤ እሱ ግን ቁጥሩን አናጢዎቹ ፍቅፋቂ ውስጥ ጥሎ ሰበታ አክስታችን ዘንድ ደርሶ ነበር። ዘመኑ እስኪለወጥ እዚያው ተደበቀ። ዛሬ አዳማ መለዋወጫ ይሸጣል፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ሲሮጥ አላየሁትም። እኔም ትቻለሁ። ስለዚያ እሑድ ያወራነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። «ለሸምሱም አሳይተሽዋል?» አለኝ፤ «አዎ» አልኩት። ውሸት አይደለም።

ሸምሱ ከማሠልጠኛው አንድ ደብዳቤ ልኮ እንደነበር ሰምቻለሁ። እኔ በዚያው ዓመት ከአዲስ አበባ ውጪ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፤ ለዕረፍት ስመጣም የእማማ ዘይነባን ደጃፍ ላለማለፍ በታችኛው ቅያስ እዞር ነበር። ዘመኑ ሲለወጥ ከሄዱት አንዳንዶቹ ተመለሱ፤ እሱ ከተመለሱት መካከል አልነበረም። ሰፈሩ ሲፈርስ ደግሞ ሁሉም ተበተነ፤ እማማ ዘይነባም ከተበተኑት ጋር ሩቅ የሄዱ መስሎኝ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቀለል ብሎኝ ነበር።

ልጆቹ ኖራውን አስምረው ባልዲያቸውን ሲያነሡ፣ ከብሎኩ ሥር በፕላስቲክ ወንበር ላይ ፀሐይ የሚሞቁ አንዲት አሮጊት በከዘራቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉ።

«ሮማን አይደለሽም?»

በድምፃቸው አወቅኋቸው። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ልስም ስል በትከሻዬ ያዙኝ።

«አልሐምዱሊላህ። እዚሁ ነው እጣ የደረሰኝ። ትሮጫለሽ አሁንም?»

«ተውኩ እማማ።»

የተጨማደደ እጃቸውን ቀስ ብለው አንስተው ማጅራታቸው ላይ አሳረፉ። «ቅድም እንዲህ ስታደርጊ አየሁሽ። ይሄ ምን ማለት ነው ልጄ? ሸምሱ በዚያች ደብዳቤው ‹ሮሚ በር ላይ ቆማ እንዲህ አደረገችልኝ፣ እኔም መለስኩላት፤ ምን ማለቷ እንደነበር ጠይቂልኝና ጻፊልኝ› ብሎኝ ነበር። ጎረቤት ነው ያነበበልኝ። አንቺን ብፈልግ ለትምህርት ሄዳለች አሉኝ። እሱም ሌላ አልጻፈ።»

በሙያዬ ያልተጣራ መልስ ሰጥቼ አላውቅም። «ውሻ አለ፣ ታጠፍ ማለት ነው» አልኳቸው። «ግርማና እኔ ጠዋት ስንሮጥ የምንግባባበት ነበር።»

«እሱ አያውቀውማ።»

«አያውቀውም። ጠዋት ጠዋት አንኳኪልኝ፣ አብሬያችሁ ልሩጥ ብሎኝ ነበር። እርስዎን እቀሰቅሳለሁ ብዬ ፈራሁ።»

«እኔን?» አሉ። አልተቆጡም፤ ከመገረም በቀር በፊታቸው ላይ ምንም አልነበረም። «እኔ ለሱብሂ ተነሥቼ የለ እንዴ በዚያ ሰዓት? ሰግጄ ተቀምጬ ኮቴሽን እሰማ ነበር። በቆርቆሮው ሥር እግርሽ ይታየኛል፤ መጥተሽ ቆም ትያለሽ። ምን ቸግሯት ይሆን፣ ካንኳኳች ልክፈትላት ብዬ መወርወሪያውን ይዤ እጠብቅሻለሁ።»

እጃቸው አሁንም ማጅራታቸው ላይ ነበር።

«ከዚያ ኮቴሽ ይርቃል» አሉ።